ኤሱዙ ከባጃጅ ሲጋጭ፦ የምልክቷን ነገር አደራ

ፊዚክስ ለምታጠኑ፣ ባጃጅ ለምትነዱም ትሆናለች። ትናንት ማታ ደሴ ቤታችን የእህቴ ልጅ የሞመንተም (ክብደት ሲባዛ በፍጥነት) ጥያቄ ይዞ ሲብሰለሰል አገኘሁት። "አብሽር" አልኩና ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ አስታወስኩት።

6,000 ኪሎ የሚመዝን ኤሱዙ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ይወርዳል እንበል። ከነተሳፋሪው 600 ኪሎ የሆነ ባጃጅ በዚያው ፍጥነት ይወጣል። ፊት ለፊት ተላትመው ቢጣበቁስ? ልጁ የሁለቱን ሞመንተም ደምሮ፣ ለጠቅላላ ክብደታቸው አካፍሎ ቁጭ! መልሱም 36 ወጣለት፤ ግጭት የሚባል ነገር ያልነበረ ይመስል።

ዘዴው ይኸው። ገና ሳትጀምሩ አንዱን አቅጣጫ ፖዘቲቭ በሉ፤ በተቃራኒው የሚመጣው ምልክቱ ኔጌቲቭ ነው። ጠቅላላ ሞመንተሙ ከግጭቱ በፊትም በኋላም ያው ነው፤ ስለዚህ 6,000 × 36 ሲቀነስ 600 × 36፣ ለ6,600 ሲካፈል 29.5 ገደማ። ሁለቱም ቁልቁል ይሄዳሉ ማለት ነው። አሃዱ እስካልተደበላለቀ ድረስ ወደ ሜትር በሰከንድ መቀየር እንኳ አያስፈልግም።

አሁን ልብ በሉ፦ ኤሱዙው ያጣው 6.5 ያህል ብቻ ነው። ባጃጁ ግን ሽቅብ 36 የነበረው ቁልቁል 29.5 ሆነ። የ65.5 ለውጥ! የተገፋፉት እኩል ነው፤ ክብደታቸው አስር እጥፍ ስለሚለያይ ለውጡም አስር እጥፍ ሆነ። ተሳፋሪውን የሚጎዳው ደግሞ ይሄ ድንገተኛ ለውጥ ነው። ባጃጅ የያዛችሁ፣ ኩርባ ላይ መስመራችሁን አትልቀቁ፤ "እሱ ያየኛል" አይሠራም።

ልጁ ቀሪዎቹን ጥያቄዎች የቡናው በረካ ሳይደርስ ጨረሳቸው።