ፖከር ለጀመራችሁ፦ እባካችሁ እጅ መጣል ልመዱ

ፈረንጅ አራዳ እኛ ቤት ቅዳሜ ከሰዓት ቴክሳስ ሆልደም የሚባለውን ፖከር እንጫወታለን። የጅማ ዝናብ ሲጀምር ሌላ የት ይኬዳል? ቺፕ የለንም፣ በጥሬ ቡና ፍሬ ነው። ለያንዳንዱ ሰው 100 ፍሬ ይቆጠርለታል፣ ቀድሞ ያለቀበት የሁሉንም ማኪያቶ ይከፍላል። አዲስ ሰው አይጠፋም፣ አዲሱም ሁሌ ያንኑ ያደርጋል። ደንቡን ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምጽፈው፤ ሁለት ካርታ በእጅ፣ አምስት ጠረጴዛ ላይ፣ ከሰባቱ ምርጥ አምስቱ።

እጅ አለመጣል፣ ማለትም የማይረባ ካርታ ይዞ ከዙሩ አለመውጣት። ይህን ሳይ ደሜ ይፈላል። ካርታ ታደለ፣ ሁሉም ፍሬ ከፍሎ ገባ። 7 እና 2 የያዘው ገባ፣ 9 እና 4 የያዘው ገባ። «ምን ይታወቃል፣ ሊመጣ ይችላል» ነው መልሱ። ጥፋቱ የኮንከር ይመስለኛል። ኮንከር ላይ መጥፎ እጅ ቢደርስህ ካርታ ትስባለህ፣ የማይረባውን ትጥላለህ፣ ቀስ እያልክ ታስተካክለዋለህ። ፖከር ላይ ግን የያዝካቸው ሁለቱ እስከ መጨረሻው እነዚያው ናቸው። ጠረጴዛው ላይ የሚወርደው ደግሞ ላንተ ብቻ አይደለም፣ ለሁሉም ነው። ስለዚህ ጀማሪ ከሆንክ ከአምስት እጅ አንዱን ብቻ ተጫወት፣ አራቱን ጣል። አዎ፣ ይሰለቻል። ቡናህን እየጠጣህ ሌሎቹን ተመልከት፣ ማን በምን እጅ እንደሚጨምር የምታውቀው ያኔ ነው።

ገብተህም ቢሆን መውጣት አለ። በቡና ንግድ ያረጁ አንድ ጋሼ አብረውን ይጫወታሉ። ጥንድ ጃክ ያዙ፣ ጥሩ እጅ ነው። ጠረጴዛው ላይ አስ፣ ኪንግና ኩዊን ወረደ፣ ሁለት ሰው ተራ በተራ ይጨምራል። ከሁለቱ አንዱ ቢያንስ አስ ወይ ኪንግ እንዳለው ግልጽ ነው። ጋሼ እስከ መጨረሻው ከፈሉ። በኋላ «ለምን አልጣሉትም?» ስላቸው «እስከዚያ ያስገባሁትንስ?» አሉኝ። ጋሼ፣ አሸናፊው የሚወስደው ሳህን ውስጥ የገባ ፍሬ እኮ የእርስዎ አይደለም! የሚታሰበው አሁን የሚጨምሩት ብቻ ነው። ዋጋ ሲወድቅ ቡናቸውን መቼ እንደሚሸጡ የሚያውቁ ሰው ካርታ ላይ ሲቀመጡ ምን እንደሚነካቸው አይገባኝም።

አስ ስላየህ ብቻ መግባት። አስ እና 5 ይዘህ አስ እና ኪንግ ከያዘ ሰው ጋር ብትገጥም፣ አስ ሲወርድ ሁለታችሁም ደስ ይላችኋል፣ ፍሬውን የሚወስደው ግን ብዙውን ጊዜ እሱ ነው።

«ሁለቱም ልብ ናቸው።» ይሁኑ። አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው ሁለት ካርታዎች ይዘህ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሲወርዱ ፍላሽ (አምስት ባንድ ምልክት) የሚሞላልህ ከ100 አንዴ እንኳ አይደለም። ምልክቱ ጥሩን እጅ ትንሽ ያሻሽለዋል እንጂ ኪንግ እና 3ን እጅ አያደርገውም።

ዋጋውን ሳያሰሉ መክፈል። ትምህርት ቤት ክፍልፋይ የተማርነው ለዚህ ነው። አራት ልብ አለህ፣ አንድ ይቀርሃል፣ የሚወርደውም አንድ ካርታ ብቻ ነው። ካላየሃቸው 46 ካርታዎች 9ኙ ልብ ናቸው፣ ማለትም ከአምስት አንዴ ገደማ። ሳህኑ ላይ 60 ፍሬ አለ፣ ሰውዬው 30 ጨመረ፣ ላንተም 30 ክፈል ተባለ። 30 ከፍለህ 90 ለመውሰድ ቢያንስ ከአራት አንዴ ማሸነፍ አለብህ። ያን ያህል አታሸንፍም፣ ጣል። 10 ብቻ ጨምሮ ቢሆን ግን ሳልጠይቅ እከፍል ነበር፤ 10 ከፍሎ 70 ለመውሰድ ከስምንት አንዴ ይበቃል።

የማይጥልን ሰው ማስፈራራት። ባዶ እጅ ይዘህ የምትጨምረው ሌላው ፈርቶ ይጥላል ብለህ ነው። ከላይ ያሉት ጋሼ ይጥላሉ? በጭራሽ! ጀማሪ ፊልም ላይ ያየውን ፊቱን አኮሳትሮ ሊሞክር ይመጣል፣ ጋሼ በጥንድ 4 ይከፍሉታል፣ እሱ ይናደዳል፣ እኔ እስቃለሁ።

ጥንድ አስ ይዞ ድምፅ ማጥፋት። ይህ እጅ በአማካይ ከ221 አንዴ ነው የሚደርስህ። ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ከገጠምክ 85 በመቶ ገደማ ታሸንፋለህ፣ ዝም ብለህ አምስት ሰው ካስገባህ ግን ግማሽ በግማሽ ይሆናል። ስለዚህ ቶሎ ጨምር፣ ሰዉን አሳንስ።

ፍላሽ ስትሬትን (አምስት ተከታታይ ካርታ) ይበልጣል፣ ይህን በየሳምንቱ መናገር ሰልችቶኛል። ቀድሞ ከሚናገር መጨረሻ የሚናገር ይሻላል፣ ስለዚህ ቀድመህ በምትናገርበት ቦታ፣ ካርታ ካዳዩ በስተግራ፣ ተቀምጠህ ደካማ እጅ ይዘህ አትግባ።

በቡና ለቀማ ሰሞን ኪስ ሲሞላ «ፍሬውን ትተን በብር እናድርገው» የሚል አይጠፋም። እኛ ቤት አይሆንም። የተበላ ሰው ላስመልስ ብሎ የሚጫወተው ጨዋታ ምን እንደሚመስል አይተናል፤ ያኔ 7 እና 2ም ጥሩ እጅ ይመስለዋል።

ደግሞ የጣልከውን ካርታ ጨዋታው ሳያልቅ ለጎረቤትህ አታሳይ። «እኔ እኮ አስ ጥዬ ነበር!» ብለህ ስትጮህ፣ አስ እየጠበቀ ያለው ሰው አንዱ እንደሌለ አወቀ፣ እጁን ጣለ፣ ፍሬ ሊበላ የነበረው ሌላው ደግሞ ከዚያ በኋላ አጠገብህ መቀመጥ አይፈልግም።