ከሰልስት እስከ ሙት ዓመት፦ ቤታቸው በሰደድ እሳት የወደመባቸውን አረጋዊ ጎረቤት እንዴት እንደምንደግፍ

ታኅሣሥ 29 ቀን 2017 ዓ.ም. የገና ዕለት ነበር፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጃንዋሪ 7 ቀን 2025። የበዓሉን ዶሮ በልተን ቡና ላይ ነበርን። ቀኑን ሲያፏጭ የዋለው ነፋስ ምሽት ላይ በኢተን ካንየን የተነሳውን እሳት ይዞ በሳን ገብርኤል ተራሮች ግርጌ ወደምትገኘው ወደ አልታዲና ወረደ። ከሎስ አንጀለስ በስተሰሜን ባለው በዚህ አካባቢ 19 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ አረጋውያን ነበሩ። ከ9,400 በላይ ቤቶችና ሌሎች ሕንፃዎች ወደሙ።

እማማ እያልኩ የምጠራቸው የ81 ዓመቷ ጎረቤቴ በዚያች ሌሊት የወጡት በሌሊት ልብሳቸው ላይ ካፖርት ደርበው፣ የእጅ ቦርሳቸውን ብቻ አንጠልጥለው ነው። ከባለቤታቸው ጋር ገዝተው ልጆች ካሳደጉበት ቤት በማግስቱ ቆሞ የተገኘው የጭስ ማውጫው ግንብ ነበር። እኔ የምከራየው ቤት ጭስ ገባው እንጂ አልነደደም። ከእርሳቸው ጋር ቢሮ ለቢሮ ስዞር የተማርኩትን እዚህ እጽፋለሁ። የምጠቅሳቸው ሕጎች የካሊፎርኒያና የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ናቸው፤ በሌላ ቦታ ያላችሁ ቅደም ተከተሉን ውሰዱና የየአካባቢያችሁን ሕግ ጠይቁ።

ሐዘን የደረሰበትን ሰው መድረስ እናውቅበታለን። ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ቤቱ በሰው ይሞላል። ከሰልስት በኋላ ግን ሰው እየሳሳ ይሄዳል። ቤት መልሶ መሥራት ደግሞ ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ ሰው ባይሞትም የለቅሶውን የቀን አቆጣጠር ተውሼ ሥራውን በሰልስት፣ በአርባ፣ በመንፈቅና በሙት ዓመት ከፈልኩት። እያንዳንዱ ቀን የራሱ ሥራ አለው፤ ረጂው የሚጠፋበት ጊዜም እንዳይኖር ያደርጋል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር። እኛ እግርና ብዕር እንሁን፤ ውሳኔው የእርሳቸው ነው። ቤታቸውን ያጡ አረጋዊ በአንድ ሌሊት እንደ ሕፃን መቆጠር ይጀምራሉ፤ ሐኪሙም፣ ልጆቻቸውም፣ የመድን ሠራተኛውም በራሳቸው ላይ አልፎ ከአጠገባቸው ካለው ወጣት ጋር ይነጋገራል። እኔም መጀመሪያ ላይ ጥያቄ ሁሉ ወደ እኔ ሲመጣ እመልስ ነበር። አንድ ቀን እማማ እጄን ያዝ አድርገው "ቤቱ ነው የነደደው፣ እኔ አልነደድኩም" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲጠይቀኝ ፊቴን ወደ እርሳቸው አዞራለሁ።

እስከ ሰልስት

መጀመሪያ ሰውነታቸውን እዩ። የሚወስዱት መድኃኒት፣ መነጽር፣ የጆሮ ማዳመጫ መሣሪያ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ምርኩዝ፦ እነዚህ ከማንኛውም ቅጽ ይቀድማሉ። የመድኃኒት ማዘዣው ቢቃጠልም መድኃኒት ቤቱ መዝገብ አለው፤ በስምና በትውልድ ቀን ያገኘዋል። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ሰው "ነገ እገዛለሁ" ብለው ዝም ሊሉ ስለሚችሉ በቀጥታ ጠይቁ።

"የሚያስፈልግዎት ነገር ካለ ይደውሉልኝ" የሚለውን ቃል ተዉት። አይደውሉም። ዕድሜ ልካቸውን ሰጪ የነበሩ ሰው መለመን ይከብዳቸዋል። በምትኩ "ማክሰኞ ጠዋት በመኪና መጥቼ መድኃኒት ቤት አደርስዎታለሁ" በሏቸው። ቀንና ሰዓት ያለው ነገር ለመቀበል ይቀላል።

በነዚሁ ቀናት ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ግዙላቸው። የተደወለበት ቀንና ሰዓት፣ ያናገሯቸው ሠራተኛ ስም፣ የተባለው ነገር፣ የተሰጠው የጉዳይ ቁጥር ሁሉ እዚያ ላይ ይጻፍ። ብዙ ሰው ይህን ይንቀዋል፤ ከስድስት ወር በኋላ ግን "እንዲህ አልተባለም" ለሚል ድርጅት መልስ የሚሆነው እርሱ ነው። ደብተሩ በእርሳቸው እጅ ይቀመጥ፤ እናንተ ገጹን በስልክ ፎቶ አንሱ። ፖስታ ቤት ሄዳችሁም የአድራሻ ለውጥ አስሞሉ፤ የመድንና የመንግሥት ደብዳቤዎች ወደ አመድ ክምር እንዲላኩ አትፍቀዱ።

ወደ ፍርስራሹ ለመሄድ ይቸኩላሉ። የቆዩ ቤቶች አመድ ሳንባን የሚጎዳው አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፤ ከ1978 በፊት የተሠሩት ደግሞ እርሳስ ያለበት ቀለም ሊኖራቸው ይችላል። ኤን 95 የተባለውን ማስክ፣ ወፍራም ጓንት፣ ረጅም ቦት ጫማና እጅጌው ረጅም ልብስ ሳይለብሱ አይገቡም። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ካለባቸው መኪና ውስጥ ሆነው ይምሩን፤ እኛ ወንፊት ይዘን እንፈልግ። እማማ ከመኪናው መስኮት "ከምድጃው በስተግራ፣ ሁለት እርምጃ" እያሉ መርተውኝ የባለቤታቸውን የእጅ ሰዓት ቀፎ አገኘሁት። መስታወቱ ቀልጧል። አሁንም በቦርሳቸው ውስጥ አለ።

እስከ አርባ

የገንዘቡ መሠረት የሚጣለው በዚህ ጊዜ ነው፤ ቀነ ገደቦቹም እዚህ ይደራረባሉ።

መድን ካላቸው ለድርጅቱ በጽሑፍ አሳውቁና የውሉን ሙሉ ቅጂ ጠይቁ። በካሊፎርኒያ ሕግ ድርጅቱ ጥያቄው በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ቅጂውን መስጠት አለበት። ቀጥሎ የጊዜያዊ መኖሪያ ወጪን ጠይቁ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት አደጋ መኖሪያ ቤታቸው ሙሉ በሙሉ የወደመባቸው ሰዎች ቢያንስ የ4 ወር የመኖሪያ ወጪ በቅድሚያ እንዲከፈላቸው መጠየቅ ይችላሉ፤ ክፍያውም በውሉ ላይ ያለው የገንዘብ ጣሪያ እስኪሞላ ቢያንስ ለ24 ወር ይቀጥላል። ከዕቃው ካሳም የተወሰነውን ዝርዝር ሳያቀርቡ እንዲያገኙ ሕጉ ይፈቅዳል። ሠራተኛው ይህን ሳይነግራቸው ሊያልፍ ስለሚችል "ያለ ዝርዝር የሚከፈለውን ስጡን" ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ቤቱ የባንክ ዕዳ ካለበት የካሳው ቼክ በባንኩም ስም ሊጻፍ እንደሚችል ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ አለዚያ ቼኩ ሲመጣ ይደነግጣሉ።

መድን ኖራቸውም አልኖራቸውም ፌማ ዘንድ፣ ማለትም አደጋ ለደረሰባቸው ሰዎች ድጋፍ በሚሰጠው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ዘንድ ይመዝገቡ። ፕሬዚዳንቱ አደጋውን ካወጁ በኋላ የሚሰጠው የመመዝገቢያ ጊዜ ብዙውን ጊዜ 60 ቀን ነው። በሎስ አንጀለሱ እሳት መጀመሪያ እስከ ማርች 10 ነበር፤ በኋላ እስከ ማርች 31 ተራዘመ። መራዘሙን ተስፋ አድርጋችሁ አትቆዩ። ፌማ መድን የሸፈነውን ደግሞ አይከፍልም፤ ስለዚህ የመድን ድርጅቱን የክፍያ ወይም የእምቢታ ደብዳቤ ይፈልጋል። ብዙ አረጋውያን "አይገባዎትም" የሚል ደብዳቤ ሲደርሳቸው አጥፈው ያስቀምጡታል። ደብዳቤውን እናንተ አንብቡት። ብዙ ጊዜ የጎደለው አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ ይግባኝ ለማለትም ደብዳቤው ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን አላቸው።

በአልታዲና ያየሁት ትልቁ መሰናክል ይኸኛው ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን በሌላ ሰፈር ቤት እንዳይገዙ በተከለከሉበት ዘመን እዚህ ገዝተው ለልጆቻቸው አወረሱ። ቤቱ ዕዳው ተከፍሎ አልቋል፤ ስለዚህ መድን እንዲገቡ የሚያስገድድ ባንክ የላቸውም። የባለቤትነቱ ስም ደግሞ አንዳንዴ ዛሬም የሟች እናት ወይም አባት ነው። እንዲህ ያለ ጉዳይ ከገጠማችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ፌማ ከ2021 ጀምሮ የሚቀበላቸውን የባለቤትነት ማስረጃዎች አስፍቷል፤ ሌላ ማስረጃ ለሌላቸው ወራሾችም በመጨረሻ አማራጭነት ራሳቸው ጽፈው የሚፈርሙበትን መግለጫ ይቀበላል። ስሙን በሕግ ለማዛወር ግን ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ቢሮ ዘንድ ውሰዷቸው፤ ስለ አካባቢው የድጋፍ አገልግሎቶች መረጃ በሚሰጠው ስልክ ቁጥር 211 ደውላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።

የአነስተኛ ንግድ አስተዳደር የሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ስሙ ያሳስታል፤ ንግድ ለሌላቸው የቤት ባለቤቶችም እስከ 500,000 ዶላር ለመኖሪያ ቤት፣ እስከ 100,000 ዶላር ለቤት ዕቃ ያበድራል። ብድር ነው፤ በ80 ዓመት ዕድሜ ብድር መግባት የሚገባቸው መሆኑን እናንተ አትወስኑላቸው፣ አትጎትጉቷቸውም። የብድሩን መጠን በትልልቁ ጽፋችሁ አስቀምጡላቸው።

ፍርስራሹን ለማንሳት የመንግሥት ፕሮግራም ካለ ባለቤቱ ወደ መሬቱ መግባትን የሚፈቅድ ቅጽ መፈረም አለበት። በአልታዲና የካውንቲውን (የአካባቢውን አስተዳደር) ቅጽ ሞልተው ለፈረሙ ሰዎች የጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች ፍርስራሹን አነሱ፤ ቀነ ገደቡ ኤፕሪል 15 ነበር። በግል ለማስነሳት የሚወጣው ገንዘብ ብዙ ነውና ይህን ቅጽ አትርሱ።

ዕርዳታ የምታሰባስቡ ከሆነ ሒሳቡ በእርሳቸው ስም ይሁን። በእድራችሁ ወይም በቤተ ክርስቲያን በኩል ቢሰበሰብም ቼኩ በቀጥታ ለእርሳቸው ይጻፍ፤ ገንዘባቸው በእናንተ ሒሳብ ለአንድ ቀን እንኳን አይደር። "ለቤት መሥሪያ" ብሎ ለይቶ መሰብሰብ የፌማን ድጋፍ ሊቀንስባቸው ስለሚችል ዓላማውን በሰፊው "ለኑሮ መቋቋሚያ" በሉት።

እስከ መንፈቅ

አሁን ዝርዝሩ ይመጣል። የመድን ድርጅቱ ሙሉውን የዕቃ ካሳ ለመክፈል በቤቱ የነበረውን ሁሉ፣ ከማንኪያ እስከ አልጋ፣ ይጠይቃል። የ40 ዓመት ኑሮ ከትዝታ ተለቅሞ በሠንጠረዥ ላይ መቀመጥ አለበት። ከዚህ የከበደ ሥራ አላየሁም።

በአንድ ቀን ለመጨረስ አትሞክሩ። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል፣ አንድ ክፍል ብቻ ይበቃል። በሩን ከፍተው እንደገቡ አስቡና "በስተቀኝ ምን ነበር?" ብላችሁ ጀምሩ። ቀጥሎ ግድግዳው፣ ቀጥሎ መሳቢያው። "ምን ምን ዕቃ ነበረዎት?" ብሎ መጠየቅ ዝም ያሰኛቸዋል፤ "እንጀራ የሚጋግር ሰው ምጣድ አለው፣ እርስዎ ኬክ በምን ይጋግሩ ነበር?" ስላቸው ግን እማማ ሰባት ዕቃ በአንድ ትንፋሽ ቆጠሩልኝ። ዘመዶች በበዓል ያነሷቸውን ፎቶዎች ሰብስቡ፤ ከሰዎቹ ኋላ ያለው መደርደሪያ፣ ምንጣፍና መብራት ማስረጃ ነው። የልብስ ስፌት መኪናው ላይ ስንደርስ እማማ ዝም አሉ። ብዕሬን አስቀምጬ ሻይ አፈላሁ፤ የዚያን ቀን ሥራ በዚያው አበቃ። በማግስቱ ራሳቸው ደውለው "የቁም ሳጥኑን ሦስተኛ መሳቢያ አስታወስኩት" አሉኝ።

የጠፉ ሰነዶችንም በዚህ ወቅት አስጨርሱ። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የመንጃ ፈቃድ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ (የማኅበራዊ ዋስትና) እና የሜዲኬር (የአረጋውያን የጤና መድን) ካርድ ሊተኩ ይችላሉ። ጎረቤታችሁ ኢትዮጵያዊት እናት ከሆኑ ግሪን ካርዱ ወይም የዜግነት ወረቀቱ ይቀድማል። ፌማ ስልክ ላይ አስተርጓሚ ስለሚያቀርብ የልጅ ልጅ ከትምህርት ቤት እየቀረ የአያቱን የገንዘብ ጉዳይ እንዲተረጉም አታድርጉ። የንብረት ግብሩም እንዲቀነስ ለካውንቲው ያመልክቱ፤ ጉዳቱ ከ10,000 ዶላር በላይ ከሆነ በ12 ወር ውስጥ ማመልከት ይቻላል።

በዚህ መሐል መሬት ገዢዎች ይመጣሉ። አመዱ ሳይቀዘቅዝ ነበር ስልክ መደወል የጀመሩት፤ የካሊፎርኒያ ገዥ ከእሳቱ አንድ ሳምንት በኋላ፣ ጃንዋሪ 14 ቀን፣ በተቃጠሉት አካባቢዎች ሳይጠየቁ ከገበያ በታች ዋጋ ማቅረብን ለሦስት ወር እስከ መከልከል የደረሱት በዚህ ምክንያት ነው። መሸጥ ነውር አይደለም። በልቅሶ ላይ ያለ ሰው በአንድ ስልክ እንዲሸጥ መገፋቱ ግን ያንገበግባል። ለማንም "እሺ" ከማለታቸው በፊት የሚናገሩትን አንድ ዓረፍተ ነገር አብራችሁ ተለማመዱ፦ "በጽሑፍ ይላኩልኝ፤ ከጠበቃ ጋር አየዋለሁ።"

ለመሥራት ከወሰኑ የሥራ ተቋራጩን ፈቃድ በግዛቲቱ የተቋራጮች ፈቃድ ቦርድ ዘንድ አጣሩ። በካሊፎርኒያ ቀብዱ ከውሉ ዋጋ 10 በመቶ ወይም ከ1,000 ዶላር፣ ከሁለቱ ካነሰው፣ መብለጥ አይችልም። "ዕቃ ለመግዛት ግማሹን አሁን" የሚል ሰው ከመጣ በሩን አሳዩት። 65 ዓመት የሞላቸው ሰዎች ከተቋራጭ ጋር የፈረሙትን እንዲህ ያለ ውል በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ማፍረስ ይችላሉ። በዲዛይኑ ላይም አፍ አውጥታችሁ ተናገሩ፦ መግቢያው ደረጃ የሌለው፣ በሩ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚበቃ፣ መታጠቢያ ቤቱ መያዣ ያለው ይሁን። የድሮውን ቤት ቁርጥ አድርጎ መመለስ ልባቸው ይሻል፤ ነገር ግን የሚኖሩበት በ85 ዓመታቸውም ነው።

ከሙት ዓመት በኋላ

ዓመቱ ሲደፍን አብራችኋቸው ሁኑ። ነፋስ ሲነሳ እንቅልፍ እንደሚያጡ እወቁ፤ እማማ አሁንም ያጣሉ።

ወደ አዲሱ ቤት ወይም ወደ ተከራዩት ክፍል ከመግባታቸው በፊት ለሚቀጥለው ነፋስ ዝግጅት አድርጉ። ስልካቸውን የካውንቲው ማስጠንቀቂያ ላይ አስመዝግቡ። የሰባት ቀን መድኃኒት፣ የሰነዶች ቅጂና ትርፍ መነጽር በአንድ ቦርሳ ከበሩ አጠገብ ይቀመጥ። መኪና የማይነዱ ከሆነ ማን እንደሚወስዳቸው፣ እርሱ ከሌለ ደግሞ ማን እንደሚተካው በስም ይጻፍ። ለምዕራብ አልታዲና የመውጫ ትእዛዝ የደረሰው እሳቱ ከተነሳ ከ8 ሰዓት በላይ ካለፈ በኋላ ነበር። ስለዚህ ነፋሱ በርትቶ ተራራው ላይ ቀይ ነገር ካያችሁ ስልኩ እስኪጮህ አትጠብቁ፤ ጫማችሁን አድርጉና ሄዳችሁ በራቸውን አንኳኩ።