ኢንሱሊን ይዛችሁ የኤርፖርት ፍተሻ ስታልፉ ማወቅ ያለባችሁ

ስኳር ያለበት ሰው በአውሮፕላን ሊሄድ ሲል መጀመሪያ የሚጨነቀው በፍተሻው ነው፣ መርፌ ይዤ ያሳልፉኛል ወይ፣ ኢንሱሊኑን ይወስዱብኛል ወይ፣ ማሽኑ ያበላሸዋል ወይ ምናምን። ያሳልፏችኋል። ኢንሱሊን፣ መርፌ፣ ፔን (እንደ እስክሪብቶ የተሰራው የኢንሱሊን መውጊያ)፣ የስኳር መለኪያ፣ ፓምፕ (ከሰውነት ጋር ተያይዞ ኢንሱሊን የሚሰጠው መሣሪያ) ይዞ መግባት የተፈቀደ ነው፣ ፈታሾቹም ለዚህ አዲስ አይደሉም። እኔን ከፍተሻው በላይ የሚያሳስበኝ ኢንሱሊኑ ከእጃችሁ የሚለይበት ሰዓት ነው፣ እሱ ላይ ነው መጠንቀቅ ያለባችሁ።

ቼክ ኢን በሚደረገው ሻንጣ ውስጥ ኢንሱሊን በጭራሽ አይገባም። ሻንጣ ይጠፋል፣ ይዘገያል፣ እሱ አንድ ነገር ነው፣ ግን በሰላም ቢደርስ እንኳ የአውሮፕላኑ እቃ መጫኛ በጣም ሊቀዘቅዝ ስለሚችል ኢንሱሊኑ በረዶ ሊሰራ ይችላል፣ አንዴ በረዶ የሰራ ኢንሱሊን ደሞ ከቀለጠ በኋላም አይታመንም፣ ይጣላል። ክፋቱ በአይን አይታችሁ ላታውቁት ትችላላችሁ፣ ትወጉታላችሁ ስኳራችሁ ግን አይወርድም። ስለዚህ የምትጠቀሙበትም መጠባበቂያውም ሁሉም አብሯችሁ ነው የሚገባው።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ደሞ ቦርዲንግ ላይ ያለውን ነገር ነው። አውሮፕላኑ ሲሞላ በሩ ላይ "ከላይ ቦታ የለም፣ ሻንጣህን ስጠን ከታች እንጫነው" ይሏችኋል፣ ሰልፍ አለ፣ ጥድፊያ አለ፣ ሳታስቡት ኢንሱሊኑ ከነሻንጣው ወረደ ማለት ነው። በቃ የስኳር እቃችሁ በሙሉ ለብቻው በአንድ ትንሽ ቦርሳ ይሁን፣ ሻንጣውን ቢወስዱትም እሷን መዘዝ አድርጋችሁ የምታስቀሯት፣ አውሮፕላን ውስጥም ከላይ ሳይሆን ከፊታችሁ ካለው ወንበር ስር የምትቀመጥ። ለጉዞው ከሚበቃችሁ እጥፍ ያዙ፣ ኢንሱሊኑንም ስትሪፑንም (የስኳር መለኪያው ላይ የሚሰካው ወረቀት) መርፌውንም። አብሯችሁ የሚሄድ የምታምኑት ሰው ካለ ግማሹን እሱ ይያዘው። ትርፍ ባትሪም ካላችሁ ከእናንተ ጋር ነው መሆን ያለበት፣ ትርፍ የሊትየም ባትሪ ከታች በሚጫን ሻንጣ አይፈቀድም።

ከመሄዳችሁ በፊት ከሐኪማችሁ ደብዳቤ አጽፉ፣ የግድ የማይጠይቁበት ቦታ ቢኖርም ያዙት። ስማችሁ ፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለው ይጻፍ፣ ስኳር እንዳለባችሁ፣ ምን ምን እንደምትይዙ፣ ፓምፕ ወይ ሴንሰር (ሰውነት ላይ ተለጥፎ ስኳር የሚለካው) ካላችሁ እሱም ይግባ። የኢንሱሊኑ ስም ሲጻፍ የንግድ ስሙ ብቻ እንዳይሆን፣ የመድኃኒቱ ስም ራሱ (ግላርጂን፣ አስፓርት እንደሚባለው) ይኑርበት፣ ምክንያቱም አንድ አይነት ኢንሱሊን በየአገሩ በሌላ ስም ሊሸጥ ይችላል፣ ጠፍቶባችሁ እዛ መግዛት ቢኖርባችሁ ፋርማሲው የሚረዳው በዚህ ነው። ጥንካሬውም ይጻፍ፣ አብዛኛው በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ነው ግን ባለ 40 ዩኒት የሚሸጥበት አገርም አለ፣ ሲሪንጁም የተለያየ ነው። ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ባለ 100ውን ኢንሱሊን በባለ 40 ሲሪንጅ 10 ምልክት ድረስ ከሳባችሁ የወጋችሁት 10 ሳይሆን 25 ዩኒት ነው። የኢንሱሊኑን ካርቶን ደሞ አትጣሉት፣ ፋርማሲው ስማችሁን የለጠፈበት ወረቀት ፍተሻ ላይ ብዙ ጥያቄ ያስቀራል።

ፈሳሽ ከ100 ሚሊ ሊትር አይበልጥም የሚለው ደንብ ከ2006 ጀምሮ የመጣ ነው፣ መድኃኒት ግን ከሱ ውጪ ነው። ማቀዝቀዣ ጄሉም ለመድኃኒት ከሆነ በአብዛኛው ያልፋል። ዋናው ነገር እነሱ አግኝተው ከሚጠይቋችሁ እናንተ ቀድማችሁ መናገራችሁ ነው፣ ቦርሳው ማሽኑ ላይ ከመውጣቱ በፊት "ስኳር አለብኝ፣ ኢንሱሊንና መርፌ ይዣለሁ" በሉ፣ ትንሿን ቦርሳ አውጥታችሁ ለብቻዋ ትሪ ላይ አድርጉ። ኢንሱሊኑን ኤክስሬዩ ያበላሽብኛል ብላችሁ አትጨነቁ፣ ቅር ካላችሁ ግን በእጅ ይታይልኝ ማለት ትችላላችሁ።

ፓምፕና ሴንሰር ግን ሌላ ነው። በብረት መፈተሻው በር ማለፍ አብዛኞቹ አምራቾች ይፈቅዳሉ፣ ኤክስሬይና ሙሉ ሰውነት የሚያየው ስካነር ላይ ግን ብዙዎቹ አይሆንም ይላሉ፣ አንዳንዱ ደሞ ይፈቅዳል፣ ስለዚህ የራሳችሁን መሣሪያ መመሪያ ከቤት ሳትወጡ አንብቡት፣ የጓደኛችሁ አለፈ ማለት የናንተ ያልፋል ማለት አይደለም። ካልተፈቀደ በእጅ ፈትሹኝ በሉ፣ መብታችሁ ነው። ፓምፑን አውልቀው ቢሏችሁ ከሰውነቴ ጋር የተያያዘ ነው አይወልቅም በሉ ረጋ ብላችሁ፣ ፓምፑን እንድትነኩት ያደርጉና እጃችሁን በጨርቅ ነገር ጠርገው ሊመረምሩ ይችላሉ፣ እሱ የተለመደ ነው አትደንግጡ። መመሪያው ካልፈቀደ ትርፍ ሴንሰርና ትርፍ ፓምፕም ቦርሳ ውስጥ እንዳለ ኤክስሬይ ውስጥ እንዳይገባ፣ ይሄ ይረሳል። አሜሪካ የምትበሩ ከሆነ የአገሩ የኤርፖርት ፍተሻ መሥሪያ ቤት (ቲኤስኤ) ቲኤስኤ ኬርስ የሚባል አገልግሎት አለው፣ ከበረራው 72 ሰዓት በፊት ደውላችሁ ፍተሻው ላይ የሚረዳ ሰው ማስመደብ ትችላላችሁ።

ሰልፍ ከመግባታችሁ በፊት ስኳራችሁን ተለኩ። ሰልፉ ሊረዝም ይችላል፣ ሻንጣ እየጎተቱ መቆም ራሱ ስኳር ያወርዳል፣ ስልካችሁ ሴንሰሩን የሚያነብ ከሆነ ደሞ ለጊዜው ትሪ ላይ ነው ያለው። የግሉኮስ ታብሌት ወይ ከረሜላ ያዙ፣ ጠጣር ስለሆነ ጭቅጭቅ የለውም፣ ጁስ ግን አንዱ ጋ ቢያልፍ ሌላው ጋ ሊከለከል ይችላል፣ በተለይ ትራንዚት ላይ እንደገና ስለምትፈተሹ። ደብዳቤውንም መጨረሻ እስክትደርሱ ድረስ ቅርብ አድርጉት። ከወረደባችሁ ደሞ አትፈሩ፣ እዛው ሰልፍ ላይ ተናገሩና ብሉ።

አውሮፕላን ውስጥ ፍሪጅ አስቀምጡልኝ ብላችሁ ለአስተናጋጆች አትስጡ፣ ወይ በጣም ይቀዘቅዛል ወይ ትረሱታላችሁ። የከፈታችሁት ኢንሱሊን ከ30 ዲግሪ በታች እስከሆነ አብዛኛው ለ28 ቀን ያህል ያለ ፍሪጅ ይቆያል፣ የእናንተውን ትክክለኛ ልክ ካርቶኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ይነግራችኋል። አይስ ፓክ ካደረጋችሁ ጨርቅ መሀል ይግባ፣ በቀጥታ እንዳይነካው። ፓምፕ ያላችሁ ሲነሳም ሲያርፍም ቱቦውን እዩት፣ የአየሩ ግፊት ሲለወጥ አረፋ ሊሰራ ይችላል። የምግብ ኢንሱሊናችሁን ደሞ ምግቡ ፊታችሁ ሳይቀርብ አትውጉ፣ ጋሪው መጣ ሲባል መንገጫገጭ ይጀምርና አገልግሎቱ ሊቆም ይችላል። የሰዓት ለውጡ ላይ ግን ከራሳችሁ አታሰሉ፣ ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ ቀኑ ያጥራል ወደ ምዕራብ ይረዝማል፣ ረጅም የሚሰራውን ኢንሱሊን እንዴት እንደምታዛውሩት ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ። የተጠቀማችሁበትን መርፌ ወንበሩ ኪስ ውስጥ አትተዉ፣ የሚያጸዳውን ሰው ይወጋዋል፣ ጠንካራ ክዳን ያለው ትንሽ እቃ ያዙለት።

ስትደርሱ ያልተከፈተውን ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው፣ የሆቴል ትንንሽ ፍሪጆች ግን ከኋላ ግድግዳቸው በረዶ ይሰራሉ፣ በሩ ላይ አድርጉት።