ጄሉ አልሟሟ ሲል፦ በኬሚካል የሚፈታ የፔፕታይድ ሃይድሮጄል ችግርና መፍትሄው

ቀስቃሹን ኬሚካል ጨመራችሁ። አንድ ሰዓት ጠበቃችሁ። ብልቃጡን ገለበጣችሁት፤ ጄሉ ከስሩ ንቅንቅ አላለም።

እዚህ የማወራው በዳይሰልፋይድ ድልድይ (በሁለት ሰልፈሮች መካከል ባለ ቦንድ) ስለተያያዙ ፔፕታይዶች፣ ማለትም ስለ አሚኖ አሲድ ሰንሰለቶች፣ እና ውሃ ይዘው ስለሚሠሩት ጄል (ሃይድሮጄል) ነው። አጫጭር ፔፕታይዶች ሲስቴይን በሚባለው አሚኖ አሲድ ሰልፈር ጥንድ ጥንድ ሆነው ይያያዛሉ። ጥንዶቹ ቀጫጭን ክሮች ይሠራሉ፤ ክሮቹ ተጠላልፈው ውሃውን አላስኬድ ይሉታል። ቀስቃሹ፣ ማለትም ድልድዩን የሚቆርጠው ኬሚካል (ላብራቶሪ ውስጥ ዲቲቲ ወይም ቲሴፕ፣ ሰውነት ውስጥ ግሉታታዮን)፣ ሲመጣ ድልድዩ ይቆረጣል፣ ጄሉም ይፈሳል ተብሎ ይጠበቃል። የቃጠሎ ቁስል ላይ የተጣበቀ ፋሻ ሲላጥ ያየ ሰው፣ ሳይላጥ በራሱ የሚሟሟ ነገር ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ይገባዋል።

ምንም ለውጥ ከሌለ

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፔፕታይዱ ሳይሆን ቀስቃሹ ነው። ዲቲቲን አየር ያበላሸዋል። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ 7 ገለልተኛ ነው) 8.5 ላይ በክፍል ሙቀት ከተቀመጠ፣ በ1 ሰዓት ተኩል ውስጥ ግማሹ ከጥቅም ውጪ ይሆናል። ትናንት የተበጠበጠው ዛሬ አይሠራም ማለት ነው። ፒኤቹ ከ7 በታች ከሆነም የዲቲቲ ሥራ በጣም ይዘገያል፤ ድልድዩን የሚቆርጠው ፕሮቶኑን የጣለው ሰልፈር ነውና። መፍትሄው በዕለቱ መመዘን፣ ፒኤቹን 8 አካባቢ ማድረግ፣ ከዚያም በኤልማን ሪኤጀንት (ነፃ ሰልፈር ሲያገኝ ቢጫ የሚሆን መፈተሻ) መፈተሽ ነው። ጠብታዋ ወዲያው ደማቅ ቢጫ ከሆነች ዲቲቲው ደህና ነው።

ቲሴፕ ዝቅ ባለ ፒኤችም ይሠራል፤ ግን የራሱ ወጥመድ አለው። ዱቄቱ አብዛኛውን ጊዜ የሃይድሮክሎራይድ ጨው ነው። ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ፒኤቹ 2.5 አካባቢ ይወርዳል። እኔ ይሄን ሳላስብ ሁለት ሳምንት ፔፕታይዱን ስወቅስ ቆየሁ። ቲሴፕ በጨመርኩ ቁጥር ጄሉ እንደመሟሟት ይጠነክር ነበር። አንድ ቀን የፒኤች ወረቀት ጄሉ ጫፍ ላይ አስነካሁ፤ ቀላ። የፔፕታይዱ ጫፍ ካርቦክሲሊክ አሲድ ነው። አሲድ ሲያገኝ ቻርጁን ያጣል፤ እርስ በርስ ይገፋፉ የነበሩት ክሮች ይቀራረባሉ። ድልድዩ እየተቆረጠ ጄሉ በሌላ ምክንያት ይጸና ነበር። ስለዚህ ቲሴፑን ጄሉ ላይ ከማድረጋችሁ በፊት በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ወደ 7 አምጡት። ገለልተኛ ፒኤች ባለው የፎስፌት ባፈር (ፒኤችን የሚያጸና ፈሳሽ) ውስጥም አታሳድሩት፤ ይበላሻል።

ዳር ዳሩ ፈሶ መሃሉ ከቆመ

ይሄ የንድፍ ችግር አይደለም፤ ቀስቃሹ ገና መሃል አልደረሰም። ውፍረቱ ከ1 ሚሊሜትር ወደ 5 ሚሊሜትር ሲያድግ የመድረሻው ጊዜ 25 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ጄሉን ስስ አድርጋችሁ ዘርጉት ወይም ጠብቁ።

ድልድዩ ተቆርጦ ጄሉ ካልፈረሰ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ኤችፒኤልሲ (ሞለኪውሎችን ለያይቶ የሚያሳይ መሣሪያ) ላይ በድልድዩ የተያያዘው ጥንድ ምልክት ጠፍቶ የግማሾቹ ይታያል። ኬሚስትሪው ሠርቷል። ጄሉ ግን እንደቆመ ነው።

ምክንያቱ ድልድዩ ሸክም አለመሸከሙ ነው። ኤፍሞክ (ቀለበት ያለው ኬሚካላዊ ቡድን) ያለበትን ዳይፌኒልአላኒን (ሁለት የተያያዙ ፌኒልአላኒን አሚኖ አሲዶች) ውሰዱ። ይህ ሞለኪውል ያለ ምንም ዳይሰልፋይድ ብቻውን ጄል ይሠራል፤ ቀለበቶቹ ይደራረባሉ፣ የሃይድሮጂን ቦንዶቹ ይያያዛሉ። እሱ ላይ ድልድይ ብትጨምሩና ብትቆርጡት፣ የቀረው ግማሽ አሁንም ጄል የመሥራት አቅም አለው። ቤቱ በግድግዳው ቆሞ ሳለ በሩን እንደመንቀል ነው።

ስለዚህ ንድፉን ከመጨረሻው ጀምሩ። መጀመሪያ ተቆርጦ የሚቀረውን ግማሽ ብቻውን ሥሩትና በዚያው ባፈር፣ በዚያው መጠን አሟሙት። ብልቃጡ ሲገለበጥ እንደ ውሃ ከፈሰሰ ቀጥሉ። ካልፈሰሰ አንዱን ፌኒልአላኒን አውጡና ቻርጅ ያለው ላይሲን ወይም ግሉታሚክ አሲድ አስገቡ። ግማሹ ብቻውን ውሃ የሚወድ፣ ሁለቱ ሲያያዙ ደግሞ ክር የሚሠሩ መሆን አለባቸው። ይህ ፍተሻ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ወራትን ያድናል። አዲስ ፔፕታይድ ለመሥራት ገንዘብ ከሌለ የጄሉን መጠን ቀንሱ። 1 በመቶ ላይ አልፈርስ ያለው ጄል ለመቆም ጥቂት ወደሚበቃው መጠን ሲወርድ ሊፈርስ ይችላል።

ቀስቃሽ ሳይነካው ከሟሟ

አንዳንዴ ቀስቃሹ ፔፕታይዱ ውስጥ ተደብቆ ይመጣል። ፔፕታይዱ ከሬዚን (ሲሠራ ከተያያዘበት ጠጣር እንክብል) ሲነቀል ኢታንዳይታዮል ይጨመራል፤ ይሄ ራሱ እንደ ዲቲቲ ታዮል (ነፃ ሰልፈር ያለው ውህድ) ነው። በደንብ ካልታጠበ ድልድዩን ቀስ በቀስ ይቆርጣል። ሽታው ያጋልጠዋል። ደግማችሁ በቀዝቃዛ ኢተር እጠቡ። ግሉታታዮን ላይ ተመሥርታችሁ ከሆነ ደግሞ መጠኑን አስቡ፦ በሴል ውስጥ ከ1 እስከ 10 ሚሊሞላር፣ በደም ፕላዝማ ውስጥ ግን ጥቂት ማይክሮሞላር (የሚሊሞላር አንድ ሺህኛ) ብቻ ነው። ጄሉ በማይክሮሞላር ከፈረሰ ሴል ጋ ሳይደርስ ያልቃል።

ሟሙቶ አድሮ እንደገና ከረጋ

ቀስቃሹ አልቆ አየር ሰልፈሮቹን መልሶ አያይዟቸዋል። ብልቃጡ ውስጥ ናይትሮጂን ነፍታችሁ ክደኑት። ናሙናው ለልኬት ብቻ ከሆነ፣ እንደሟሟ ነፃ ሰልፈሮችን የሚዘጋውን ኤን-ኢታይልማሌይሚድ ጨምሩበት፤ መጠኑ ከቀረው ቀስቃሽና ከፔፕታይዱ ሰልፈር ድምር መብለጥ አለበት።