ዳገት ላይ የጠፋ መኪና በሞተሪኖ ሲነሳ

ድንጋያማ ዳገት መሃል ላይ ሞተሩ ድርግም አለብኝ። ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከማርሹ የሚያላቅቀውን ፔዳል) ረግጬ ላስነሳው ስል መኪናው ወደኋላ ይንሸራተታል፤ ሁለት እግር ለሦስት ፔዳል አልበቃ አለ። የእጅ ፍሬኑ እንደሆነ ድሮም ልግመኛ ነው።

ሦስተኛው ሙከራ ላይ ፍሪሲዮኑን ተውኩት። የፎር ዊሉን ዝቅተኛ ማርሽ አስገባሁ፣ ካምቢዮውን አንደኛ ላይ አደረግኩ፣ ከፍሪሲዮኑ እግሬን ጨርሶ አነሳሁ። ፍሬኑን እንደያዝኩ ቁልፉን አዞርኩና ወዲያው ፍሬኑን ለቀቅኩ። የዳሽቦርዱ መብራት ደብዘዝ አለ፤ ሞተሪኖው፣ ማለትም ሞተሩን የሚያስነሳው የኤሌክትሪክ ሞተር፣ እያቃሰተ መኪናውን አንድ ክንድ ያህል ወደፊት ገፋው። ከዚያ ሞተሩ ተነሳ፣ እኔም ዳገቱን ወጣሁ። ወደኋላ አንዲት ጣት አልሄደም!

ዝቅተኛው ማርሽ ከሌለ ግን አልሞክረውም፤ በተራ አንደኛ ማርሽ ዳገት ላይ እንዲህ ማድረግ ሞተሪኖውን ማሰቃየት ነው። ብዙ አዳዲስ መኪኖች ደግሞ ፍሪሲዮን ካልተረገጠ ጭራሽ አይነሱም። ሞተሪኖ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ስለሚስብ ቁልፉን ከ5 ሴኮንድ በላይ አልይዝም። እምቢ ካለኝ ፍሬን ይዤ እስኪበርድ እጠብቃለሁ።