እናት «ብሬን ሰረቀችኝ» ሲሉ፦ ከሕመም የሚመጣ የሐሰት እምነትን መረዳትና መያዝ

ደሴም ይሁን ወልድያ፣ በዕድሜ የገፉ እናት ገንዘባቸውን ምራታቸው እንደወሰደችባቸው ቡና ላይ ሲናገሩ፣ ጎረቤት ቀድሞ የሚጠረጥረው ምራቲቱን ነው፤ ሕመም መሆኑን የሚያስብ ጥቂት ነው። አቤቱታው በየሳምንቱ ከተደጋገመ ግን የመርሳት በሽታ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል።

ሐኪሞች ዴሉዥን የሚሉት፣ ተቃራኒ ማስረጃ ቢቀርብለትም የማይነቃነቅና ሰውየው ያደገበት ማኅበረሰብ የማይጋራው የሐሰት እምነት ነው። በወሎ ይህ ሁለተኛው መለኪያ ጥንቃቄ ይሻል። በዛር፣ በቡዳ ወይም በጂን ማመን ብቻውን ሕመም አይደለም። ይሁን እንጂ ወዳጃ በሚባለው የዱዓ ስብሰባ ላይ አብረውት የሚቀመጡ፣ እነሱም በዚያው የሚያምኑ ሰዎች «የእሱስ ሌላ ነው» ማለት ከጀመሩ፣ የእነሱ ምስክርነት ከማንም ይልቅ ሊሰማ ይገባል።

ከዚያ በኋላ አጀማመሩን ይጠይቁ። በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ የመጣ፣ ቀን ቀለል ብሎ ማታ የሚብስ መደናገር ከሳንባ ምች፣ ከሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ከሰውነት ድርቀት ወይም ከመድኃኒት ሊመጣ ስለሚችል፣ በዚያው ዕለት ሐኪም ቤት መድረስ አለበት። በወጣትነት ቀስ በቀስ የሚጀምርና «ይከታተሉኛል፣ ሬዲዮው ስለ እኔ ያወራል» የሚል፣ ሰፊ ሤራ ያለው እምነት ስኪዞፍሬኒያ ወደሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያመለክታል፤ ጫት አብዝቶ መቃምም ሊቀሰቅሰውና ሊያባብሰው ይችላል። በከባድ ድባቴ የተያዘ ሰው ደግሞ ቤተሰቡ የሚጠፋው በእሱ ኃጢአት እንደሆነ ሊያምን ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው ራሱን ለማጥፋት አስቦ እንደሆነ በግልጽ መጠየቅ፣ በቤት ያለ መሣሪያም ካለ ማራቅ ያስፈልጋል።

በመርሳት በሽታ የሚመጣው እምነት አብዛኛውን ጊዜ ቀለል ያለና ከዕለት ኑሮ የወጣ ነው፦ ዕቃዬ ተሰረቀ፣ ይህ ቤት የእኔ አይደለም፣ ልጄን የመሰለ ሌላ ሰው ገባ። የአልዛይመር በሽታ በስሙ የተጠራለት ጀርመናዊ ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1906 በገለጻት ታማሚ ላይ በመጀመሪያ የታየው ምልክት በባሏ ላይ ያደረባት ቅናት ነበር። እናትየዋ ብሩን ራሳቸው ደብቀው መደበቃቸውን ይረሳሉ፤ ባዶውን ሳጥን ሲያዩ አእምሯቸው ክፍተቱን በሌባ ይሞላዋል። ስለዚህ «ማን ይሰርቅሻል?» ብሎ መሟገት ፍርሃቱን እንጂ እውነቱን አያሳያቸውም። «አብሽሪ እምዬ፣ አብረን እንፈልገዋለን» ብሎ መፈለግ፣ የሚደብቁባቸውን ቦታዎች አስቀድሞ ማወቅ፣ ሲረጋጉም ወደ ሌላ ጨዋታ መውሰድ ይሻላል። ነገሩ ሕመም መሆኑን ለጎረቤት መንገርም ያስፈልጋል፤ ያለ ጥፋቷ ስሟ የሚጠፋው ምራት ይህ ይገባታል። የመስማትና የማየት ችግር ጥርጣሬን ያባብሳልና ጆሯቸውንና ዓይናቸውን ማስመርመር አይዘንጋ።

ወደ ጠበል ወይም ወደ ዱዓ መሄድ ሕክምናን አይከለክልም፤ አደጋው መድኃኒት በድንገት ማቋረጥና ሕመምተኛን በሰንሰለት ማሰር ነው። መድኃኒትን በተመለከተ፣ ሌዊ ቦዲ በሚባለው የመርሳት ዓይነት ሕመምተኞች በቦታው የሌለ ሰው ወይም እንስሳ በዓይናቸው ያያሉ፣ ሰውነታቸውም ይገተራል፤ እንዲህ ያለውን የሐሰት እምነት ለማስታገስ የሚሰጥ እንደ ሃሎፔሪዶል ያለ መድኃኒትም ክፉኛ ሊጎዳቸው ይችላል። በሌሎቹ የመርሳት ሕመምተኞችም ቢሆን የዚህ ወገን መድኃኒቶች የስትሮክና የሞት ስጋት ስለሚጨምሩ የጎረቤትን ክኒን መስጠት ፈጽሞ አይገባም።

ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ እምነቱ መቼ እንደ ጀመረ፣ ከመርሳቱ ቀድሞ ወይስ ተከትሎ እንደ መጣ፣ በዓይን የሚታያቸው ነገር መኖሩን፣ እንቅልፋቸውንና አካሄዳቸውን በወረቀት ጽፈው፣ የሚወስዱትንም መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው ይዘው ይቅረቡ።