ዳገት ላይ የሚጠፋው ፎርድ ቲ

ይህን አሮጌ የፎርድ ሞዴል ቲ መኪና ስገዛው «የ1914 እ.ኤ.አ. ስፒድስተር» ተብሎ ነበር። በሞተሩ ግራ፣ ከውሃ መግቢያው በላይ የተመታውን ቁጥር አጽድቼ አየሁት። ቁጥሩ የሚያሳየው የሥሪት ዓመት ይስማማል። ግን ሞተር ይቀየራል። የነቃሁት ከፊት አክስሉ ወደ ኋላ የሚዘረጋውን ሹካ ብረት ሳይ ነው። ከአክስሉ በታች ታስሯል። ፎርድ እንዲህ ማሰር የጀመረው በ1919 ገደማ ነው፤ ቀድሞ ከላይ ነበር። ግጥምጥም ነው ማለት ነው። አልከፋኝም፤ ስፒድስተር ድሮም ቦዲው ወልቆ በተገኘው ዕቃ የሚሠራ መኪና ነው።

ያናደደኝ ዳገት ላይ ቀጥ ማለቱ ነው። ካርቡሬተሩን ሁለቴ ፈታሁ፣ ንጹሕ ነው። ካንዴላም ቀየርኩ፣ ወይ ፍንክች። ሜዳ ላይ ግን ይበራል! ቲ የቤንዚን ፓምፕ የለውም፤ ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ነው የሚወርደው። የቀድሞው ባለቤት መኪናው ዝቅ እንዲል ሰልባትዮውን፣ ማለትም የቤንዚን ታንኩን፣ ከወንበሩ ኋላ ሻንሲው ላይ አስተኝቶታል። አፍንጫው ሽቅብ ሲል ሰልባትዮው ከካርቡሬተሩ በታች ይሆናል።

ከወፍራም ላሜራ መቀመጫ ሠርቼ 15 ሳንቲሜትር ከፍ አደረግኩት። አየር የሚቋጠርበትን የቱቦ እጥፋትም አቃናሁ። አሁን ቤንዚኑ ሩብ ሲደርስም ዳገቱን ይወጣል። ከኋላ ሲታይ ትንሽ ጎብጧል። ይሁን።